የዘሩት ፍሬ በማን ደጅ ይታያል?

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ የቅዳሜው ትምህርተ ክርስቶስ አልቆ ልጆቹ ከግቢ ከወጡ በኋላ፣ በቁምስናችን የምታገለግል አንዲት ወጣት መምህርት ወንበሮቹን እየደረደረች ሳለ ቀና ብላ ሳታየኝ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ስጀምር አርባ ልጆች ነበሩኝ። ዛሬ ቈጠርኋቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። ከእነሱም ግማሾቹ የሚመጡት ለኳሱ ነው። እንዲህ ከሆነ እግዚአብሔር ከዚህ ድካም የሚያገኘው ምንድን ነው? እኔስ ምን አተረፍሁ?» አለችኝ። እኔም በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁላችንም የምንመልሰውን መለስሁላት፤ «አይዞሽ ልጄ፣ ዋጋሽ በሰማይ ነው» አልኋት። አመስግናኝ ዝም አለች። ዝምታዋ ግን መልስ ያገኘ ሰው ዝምታ ሳይሆን፣ ታላቅን ላለማሳፈር ነገሩን የተወ ሰው ዝምታ ነበር።

መልሴ ሐሰት አልነበረም። ጌታችን በስሙ ለታናናሾች የሚሰጥ ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ ዋጋው እንደማይጠፋ አስተምሮናልና። ነገር ግን እውነተኛ ቃልም አንዳንድ ጊዜ እንደ ድስት መክደኛ ያገለግላል፤ እኔም ያን ቀን የልጅቱን ጥያቄ ከደንሁት እንጂ አልመለስሁትም። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በልቤ ሲመላለስ ከርሟል። በየቁምስናው ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ የሰፈር ልጆችን የምትሰበስቡ መምህራን፣ ልጆቻችሁንም ወደዚያ የምትልኩ ወላጆች፣ ይህንኑ በየልባችሁ የምትጠይቁ ይመስለኛል። ስለዚህ የደረስሁበትን ያህል ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

አስቀድሞ መታየት ያለበት፣ አገልጋይ ስለ ዋጋ መጠየቁ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ነው። ከመካከላችን አንዳንዱ ጥያቄውን ገና ሲሰማ ይቈጣል፤ «የሚወድ ሰው ሒሳብ አይዝም» ይላል። ቅዱስ በርናርዶስ እግዚአብሔርን ስለ መውደድ በጻፈው ድርሰት ግን ነገሩን ጠለቅ አድርጎ ተመልክቶታል። እንደ እርሱ አስተሳሰብ እውነተኛ ፍቅር ለዋጋ ብሎ አይነሣም፤ ነገር ግን ዋጋ አጥቶም አይቀርም፤ ዋጋውም የሚወደው እርሱ ራሱ ነው። ይህን ወደ እኛ ሥራ ብናመጣው፣ ወጣቶችን የሚያገለግል ሰው ዋጋ ወጣቶቹ ራሳቸው ናቸው ማለት ነው፤ በሕይወት መኖራቸው፣ ሰው መሆናቸው፣ አምላካቸውን ማወቃቸው። እንዲህ ከሆነ፣ «ምን ደረሱ?» ብሎ መጠየቅ ደመወዝ መጠየቅ አይደለም። በየማለዳው ወደ ማሳው ወጥቶ ቡቃያውን የሚያይ ገበሬ ስስታም አይባልም፤ የማያየው ነው እንጂ ሰነፍ የሚባለው።

ይሁን እንጂ በዚሁ ጥያቄ ውስጥ ሌላ ነገር ተደብቆ ይገኛል። ፍሬውን ማየት ብቻ አይበቃንም፤ በእኛ ዘመን፣ በእኛ ግቢ፣ በእኛም ስም እንዲታይ እንሻለን። ፍሬው በጎረቤት ደጅ ከታየ እንደጠፋ እንቈጥረዋለን። ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ከራሴ ሕይወት የማውቀው ነገር ስለሆነ ነው፤ ወደ ኋላም እመለስበታለሁ። ነገሩን በሐሳብ ብቻ ከማመላለስ ይልቅ ግን፣ አንድ ሰው በአንድ ሰፈር ዕድሜውን ሙሉ ወጣቶችን ሲያገለግል ምን እንደገጠመው ብንመለከት ይበልጥ ይጠቅመናል። ሁላችንም የምናውቃቸውን ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮን መረጥሁ። «ዶን» የሚለው መጠሪያቸው በጣልያንኛ ለካህን የሚሰጥ ነው፤ እኛ «አባ» እንደምንለው ያለ።

ዶን ቦስኮ ሰኔ 5 ቀን 1841 ዓ.ም. ክህነት ተቀበሉ (በዚህ ጽሑፍ ስለ እርሳቸው የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት ወደ ቶሪኖ ከተማ መጡ። ቶሪኖ ያኔ እያደገች ያለች ከተማ ነበረች፤ ከየገጠሩ ሥራ ፍለጋ የመጡ ልጆች በየግንባታው ድንጋይና ኖራ ይሸከሙ፣ የቤት ጭስ ማውጫ ይጠርጉ፣ ወይም ሥራ ፈትተው በየአደባባዩ ይውሉ ነበር። አዲስ አበባን ወይም ሐዋሳን የሚያውቅ ሰው ሥዕሉ አይጠፋውም። ዶን ቦስኮ ወኅኒ ቤት እየሄዱ እስረኞችን ሲጠይቁ፣ ገና ጢም ያላቀነቀኑ ልጆች ተፈትተው ከወጡ በኋላ ተመልሰው ሲገቡ አዩ። የሚጠይቃቸውና የሚያስብላቸው ወዳጅ ውጭ ቢኖራቸው ኖሮ ይመለሱ ነበርን? ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። ሥራቸው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ተወለደ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 8፣ በንጽሕተ ንጹሓን በድንግል ማርያም በዓል፣ በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ ሲዘጋጁ፣ የንዋየ ቅድሳቱ ቤት ጠባቂ አንድ ልጅ መጥረጊያውን ይዞ እየመታ ሲያባርር ደረሱ። የልጁ ጥፋት ቅዳሴ ማገልገል አለማወቁ ነበር። ዶን ቦስኮ «ወዳጄን ለምን ትመታዋለህ?» በሚል መንፈስ ጠባቂውን ገሥጸው ልጁን አስጠሩት። ባርቶሎሜዎ ጋሬሊ ይባላል፤ ከአስቲ የመጣ፣ አባትና እናት የሌለው ወጣት ግንበኛ ነበር። ማንበብ አይችልም፤ መዝፈንም አይችልም። ማፏጨት ትችላለህ ወይ ቢሉት ግን ፈገግ አለ። ከዚያም ለእመቤታችን ሰላምታ አቅርበው አብረው ጸለዩ፤ በሚቀጥለው እሑድ ጋሬሊ ጓደኞቹን ይዞ መጣ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ስንሰማው ግን የምናልፈው አንድ ነገር አለ፤ ጋሬሊ የመጀመሪያው ልጅ ሆኖ ሳለ ከዚያ በኋላ በዶን ቦስኮ ታሪክ ውስጥ ስሙ እምብዛም አይነሣም። ካህን አልሆነም፤ ከማኅበሩ መሥራቾች መካከልም የለም። በየዓመቱ በየአህጉሩ የሚዘከረው ያ ሥራ የተጀመረበት ልጅ፣ በር ከፍቶ ሌሎችን አስገብቶ ወደ ግንበኝነት ኑሮው ተመልሷል። በእኛ መዝገብ ቢሆን ኖሮ ከስሙ ፊት ምን ዓይነት ምልክት እናደርግ ነበር?

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የሚያኰሩ አልነበሩም። የልጆቹ ጉባኤ መድረሻ አጥቶ ተንከራተተ፤ በአንድ መካነ መቃብር አጠገብ፣ በዶራ ወንዝ ወፍጮ ቤቶች ዘንድ፣ በተከራዩት ሜዳ ላይ። በሄዱበት ሁሉ ጎረቤት ጩኸቱን ይከስ ነበር። የከተማው አስተዳዳሪ ማርኬዝ ሚኬሌ ካቩር፣ ይህን ያህል ጐረምሳ በአንድ ሰው ትእዛዝ መሰብሰቡ ለጸጥታ ያሰጋል ብለው ጉባኤውን ሊበትኑት ፈለጉ። ሁለት ካህናትም ዶን ቦስኮ አእምሮአቸው እንደታወከ ገምተው፣ በሰረገላ አሳፍረው ወደ ሕሙማን ቤት ሊወስዷቸው ሞከሩ። እርሳቸው ግን ነገሩ ገብቷቸው ነበርና፣ «እናንተ ቅደሙ» ብለው ሁለቱን ካስገቡ በኋላ በሩን ዘግተው ሰረገላውን ሸኙት። በ1846 የሆሣዕና እሑድ ከሜዳውም እንዲለቁ ተነገራቸው፤ ምክንያቱም ልጆቹ ሣሩን ከነሥሩ አጠፉት የሚል ነበር። ያን ዕለት ማታ ዶን ቦስኮ በዚያ ሜዳ ጥግ ብቻቸውን እንዳለቀሱ ራሳቸው ጽፈዋል። ምሽቱን ነው እንግዲህ ፒናርዲ የሚባል ሰው በቫልዶኮ ሰፈር ጣሪያው ዝቅ ያለ መጋዘን እንዳለው የሰሙት። በፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 12 ቀን፣ እዚያ ገቡ። ከዚያም ከሰፈሩ አልወጡም።

ለጉዳያችን ትልቁ ነገር ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል። የወጣቶች አገልግሎት ፍሬው የሚዘገይ ስለሆነ፣ የሚቈይ ሰው ይፈልጋል። ልጅ በአሥራ አራት ዓመቱ ይሄዳል፤ በሃያ ስምንት ዓመቱ ሲመለስ ግን በሩ ያው መሆን አለበት፤ በሩ ላይም የሚያውቀው ሰው መቆም አለበት። ዘመቻና ጉባኤ መልካም ነው፤ ታላላቅ የወጣቶች በዓላትም ልብን ያነቃቃሉ። ሰፈር ግን በዘመቻ አይገለገልም። በእኔ አመለካከት፣ ወጣቶቻችንን ለአንድ ሳምንት ሰብስበን ለአንድ ዓመት የምንረሳበት ልማድ ከወጪው በስተቀር የሚያስቀረው ነገር ትንሽ ነው።

በ1846 ክረምት ዶን ቦስኮ በጽኑ ታመው ከሞት አፋፍ ደርሰው ነበር። ቀን ሙሉ ድንጋይ ሲሸከሙ የዋሉ ልጆች ተራ ገብተው ስለ እርሳቸው ጸለዩ፤ አንዳንዶቹም ጾሙ። ሲሻላቸው እናታቸውን ማርጌሪታን ከገጠር ይዘው ተመለሱ። ስለ አገልግሎት ዋጋ በተነሣ ቍጥር እኔ የማስበው ስለ እኚህ እናት ነው። ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር፤ የሠርግ ልብሳቸውንና ጌጣቸውን ለዚያ ቤት ሰጡ፤ የማያውቋቸውን ልጆች ሸሚዝ ሲያጥቡና ሲጥፉ ዐሥር ዓመት ኖሩ። አንድ ቀን ልጆቹ ጦርነት እየተጫወቱ የጓሮ አትክልታቸውን ሲረግጡት መረራቸውና ወደ ገጠራቸው ሊመለሱ ተነሡ። ልጃቸው ምንም ሳይናገሩ በግድግዳው ላይ ወዳለው ስቅለት በእጃቸው አመለከቱ፤ እናትም ዕንባቸውን ጠርገው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ኅዳር 25 ቀን 1856 ዐረፉ። የሳሌዥያውያን ማኅበር የተመሠረተው ከዚያ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ያ ሁሉ እጥበት የወለደውን ሳያዩት ሄዱ።

ማኅበሩ የተመሠረተው ታኅሣሥ 18 ቀን 1859 ነበር። በዚያች ክፍል የተሰበሰቡት ዶን ቦስኮን ጨምሮ ዐሥራ ስምንት ሰዎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በዚያው በቫልዶኮ ሜዳ ላይ ያደጉ ወጣቶች ነበሩ። ከጋሬሊ ቀን ጀምሮ ብንቈጥር ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆኗል፤ ለአንድ ሰው አንድ ዓመት ማለት ነው። ከእነርሱ አንዱ ሚኬሌ ሩዋ ነው። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ዶን ቦስኮ ለሌሎች ሜዳልያ ሲያድሉ ለእርሱ ሳይደርሰው ቀርቶ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው በሌላው እጃቸው ለሁለት የሚቈርጡ መስለው፣ ግማሹን እንካ ብለውት ነበር። ልጁ ያን ጊዜ ምን እንደሚቀበል አልገባውም። በኋላ ግን የዶን ቦስኮ ተከታይ ሆኖ ማኅበሩን እስከ 1910 መራ። ሌላው ዮሐንስ ካልዬሮ፣ በ1875 ወደ አርጀንቲና የተላኩትን የመጀመሪያዎቹን ሚስዮናውያን መርቶ ሄደ፤ በ1915ም ካርዲናል ሆነ። የዚያ ሰፈር ፍሬ እኛም ዘንድ ደርሷል፤ ሳሌዥያውያን በ1975 ወደ መቀሌ መጥተው፣ ከዚያም ወዲህ በሌሎች ከተሞቻችን የኢትዮጵያ ልጆች በእነርሱ ቤት ሙያም ኳስም ጸሎትም ተምረዋል።

ነገር ግን ታሪኩን በዚህ መንገድ ብቻ ብንተርከው እናስተው ነበር። ዶን ቦስኮ ረዳት ይሆኑኛል ብለው ከመጀመሪያ አስቀድመው ላቲን ካስተማሯቸው ልጆች መካከል ፌሊቼ ሬቪሊዮ ካህን ሆነ፤ ሆኖም የሀገረ ስብከቱ ካህን ሆነ እንጂ የእርሳቸው ማኅበርተኛ አልሆነም። ካርሎ ጋስቲኒ ደግሞ ካህንም አልሆነም። ጋስቲኒን ያገኙት በፀጉር አስተካካይ ቤት ነበር፤ ሙያ የሚለማመድ ሕፃን ሳለ፣ ጌታው ገና አልቻለም እያለ ቢከለክልም፣ ዶን ቦስኮ ጢማቸውን እርሱ እንዲላጫቸው ፈቀዱ። ምላጩ ሳያሳምማቸው የቀረ አይመስለኝም። ይህ ልጅ አድጎ እንደ ማንኛውም ሰው በሙያው የሚኖር ምእመን ሆነ። በሰኔ 24 ቀን 1870፣ በዶን ቦስኮ የስም ቀን፣ ጥቂት የቀድሞ ጓደኞቹን አስተባብሮ፣ ገንዘብ አዋጥተው የገዟቸውን የቡና ሲኒዎች ይዞላቸው መጣ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያለው የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር መነሻው ያ ዕለት እንደሆነ ይነገራል።

ካርዲናልነትና ሲኒ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ እኛ ወደ ካርዲናሉ እንሮጣለን። ለመጽሔታችን ሽፋን የምንመርጠውም እርሱን ነው። የሲኒው ምስክርነት ግን የሚናቅ አይደለም። ካርዲናሉ የተጠራ ሰው ነው፤ ጥሪ ደግሞ የእግዚአብሔር ስጦታ እንጂ የመምህር ሥራ ውጤት አይደለም። ሲኒዎቹን ያመጡት ግን በየሥራ ቦታቸው፣ በየትዳራቸው ተበትነው ሳለ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ወደዚያ በር ለመመለስ የመረጡ ናቸው። የሰፈር አገልግሎት የረጅም ጊዜ ዋጋ ምን ይመስላል ብባል፣ እኔ የማሳየው እነዚያን ሲኒዎች ነው።

የተመለሰ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ ምስጋና ብቻ ይዞ አይመጣም። ዶን ቦስኮ ግንቦት 10 ቀን 1884 ከሮማ በላኩት ደብዳቤ ያዩትን ሕልም ይተርካሉ። በሕልሙ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ቀርበው በመጀመሪያ የድሮውን ሜዳ ያሳይዋቸዋል፤ ካህናቱና መምህራኑ ከልጆቹ ጋር ሲሮጡ፣ ሲዘምሩ፣ ሲስቁ። ቀጥለውም ያኔ የነበረውን ያሳይዋቸዋል፤ ልጆቹ በየጥጉ ተክዘው፣ መምህራኑ ለብቻቸው እየተንሸራሸሩ። ልጆቹን መውደድ ብቻ አይበቃም፤ እንደሚወደዱ ራሳቸው ማወቅ አለባቸው፤ ይህንም የሚያውቁት እነርሱ የሚወዱትን ስትወዱላቸው ነው የሚለው ታዋቂ ትምህርት የመጣው ከዚህ ነው። ማኅበሩ በብዙ አገር በተስፋፋበት፣ ቍጥሩ ሁሉ በጨመረበት ዘመን፣ ቅዱሱ ገና በሕይወት ሳሉ፣ በራሳቸው ቤት ፍቅር እየቀዘቀዘ ነበር። ይህንም የነገሯቸው የድሮዎቹ ልጆች ናቸው። ለኳስ ብለው የሚመጡት እነዚያ ግማሾች ስላሳሰቧት እህትም ከዚህ ደብዳቤ የማገኘው መልስ አለ፤ ኳሱ የትምህርቱ ማባበያ አይደለም፣ መውደዳችን የሚታወቅበት ቋንቋ ነው እንጂ።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ማስተማር ከጀመርሁ ጊዜ አንሥቶ መዝገብ እይዝ ነበር። በልጆቹ ስም ፊት ለፊት ሦስት ዓይነት ምልክት አደርግ ነበር፤ ለሚጸና፣ ለሚያመነታ፣ ለጠፋ። ሲቈርቡና ምሥጢረ ሜሮን ሲቀበሉ በቀይ እጽፋለሁ። ቆሞሳችን በየዓመቱ ሪፖርት ሲጠይቁኝ ያን መዝገብ አወጣ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ቀዩ ሲበዛ ደስ ይለኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ ድንኳኑን ያስተከለ፣ ወንበር ያስመጣ፣ ከሟቹ ልጆች ጋር ሌሊቱን ሙሉ የተቀመጠ አንድ ጐልማሳ አየሁ። ሲቀርበኝ አወቅሁት። በመዝገቤ ውስጥ «ጠፋ» የሚል ምልክት ያለበት ነበር። ዛሬ ኦርቶዶክሳዊት አግብቶ፣ ከእርስዋና ከልጆቹ ጋር ወደዚያ ይሄዳል። ያለፈ ነገር ስናነሣ፣ «ጋሼ፣ አባቴ የሞተ ጊዜ እኮ መጥተው እስከ እኩለ ሌሊት ከእኔ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ምንም አልተናገሩም። ከዚያ ወዲህ እኔም የሞተበትን ሰው ብቻውን አልተውም» አለኝ። እኔ አላስታወስሁትም። ዛሬም አላስታውሰውም። ያስተማርሁትን ሠላሳ ትምህርት ምናልባት ሁሉንም ረስቶ ይሆናል፤ የያዘው እኔ የረሳሁትን ነው።

ይህ ፍሬ ነውን? አንዳንድ ወንድሞች፣ ለእኛ ቤተ ክርስቲያን ካልቀረ ምን ፍሬ ነው? ሊሉ እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ቍጥራችን ጥቂት ስለሆነ ጭንቀታቸውን አልንቅም። እኔም ልጁ በቁምስናችን ቢቀር እመርጥ ነበር፤ ይህን ደብቄ አልጽፍም። ነገር ግን ያዘኑትን ማጽናናት ጌታችን ብፁዓን ካላቸው ሰዎች ጋር መቆም ነው። ያን ሌሊት በድንኳኑ ውስጥ የሆነውን አይቼ፣ ፍሬው በሌላ ደጅ ስለታየ ብቻ ፍሬ አይደለም ለማለት አንደበቴ አይታዘዘኝም። የዘራ አንድ፣ ያጨደ ሌላ መሆኑን ጌታ በሰማርያ ለደቀ መዛሙርቱ ሲያስረዳ፣ ሁለቱም አብረው እንዲደሰቱ እንጂ ዘሪው እንዲከስ አልነበረም።

ዛሬ በዚህ ላይ ሌላ ነገር ተጨምሮብናል። «ሰፈር ውስጥ መቈየት» ብዬ ከላይ የጻፍሁት በቫልዶኮ ይሠራ ነበር፤ በብዙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ግን ሰፈሩ ራሱ አልቈየም። አሮጌዎቹ መንደሮች ፈርሰው፣ ሰዎቻቸው ወደ ሩቅ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሄደዋል። ከእኔ ልጆች የሚበዙት ዛሬ ወደ ቁምስናችን ለመምጣት ሁለት ታክሲ መያዝ አለባቸው። አንዳንዶቹም በቤይሩትና በዱባይ በሰው ቤት ይሠራሉ። በዚህ ብዙ ጊዜ ተክዣለሁ። አንድ እሑድ ግን ከእነዚያ የጋራ ቤቶች በአንዱ የሚኖር ዘመዴን ልጠይቅ ሄጄ፣ ከሕንፃው ሥር ዐሥር ያህል ሕፃናትን አስቀምጣ መዝሙር የምታስጠና ሴት አገኘሁ፤ የእኛው ልጅ ነበረች። ማን ላከሽ ብላት ማንም አልላከኝም አለች። የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ በ1965 ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ ሥራ ባወጣው ድንጋጌ ወጣቶች ለወጣቶች የመጀመሪያዎቹ ሐዋርያት ሊሆኑ እንደሚገባ ያስተምራል። ስንት ጊዜ በስብሰባ ላይ አንብቤዋለሁ፤ ያኔ ግን ቆሜ አየሁት። የምታስጠናው መዝሙር እኔ በማስተምርበት ዜማ አልነበረም፤ ላርማት ፈልጌ ተውሁት።

ለወጣቷ እህት እንግዲህ ያልነገርኋትን አሁን ልነግራት የምችለው ይህን ያህል ነው፤ ዋጋሽ በሰማይ ነው፤ ከሰማይ በፊት ግን በምድርም ይታያል። የሚታየውም ዘግይቶ፣ በማትጠብቂው ደጅ፣ ብዙ ጊዜም አንቺ በረሳሽው ነገር ነው። ማርጌሪታ እንዳላዩት አንቺም ላታዪው ትችያለሽ፤ አለማየትሽ ግን ለመውጣት ምክንያት አይሆንሽም። ቍጥሩን መያዝሽንም አትተዪ፤ የጎደለውን ልጅ ቤቱ ሄደሽ የምትጠይቂው በቍጥሩ ነውና። በቍጥሩ ራስሽን አትመዝኚ እንጂ።

አንድ ነገር ግን ይቀረኛል፤ ይህንም ካልጻፍሁ የጻፍሁት ሁሉ ግማሽ ይሆናል። ከብዙ ዓመታት በፊት ለኳስ ብቻ የሚመጣ፣ ትምህርት ሲጀመር በአጥር የሚዘል ልጅ ነበር። ሦስቴ አስጠነቀቅሁት። በአራተኛው ቅዳሜ የግቢውን በር ራሴ ዘጋሁበትና፣ «ኳስ ከሆነ የምትፈልገው ሌላ ሜዳ ፈልግ» አልሁት። ትንሽ ቆሞ አየኝ፤ ሄደ። ያን ጊዜ ሥርዓት ያስከበርሁ መስሎኝ ነበር። ስለዚያ መጥረጊያ የያዘ ጠባቂ ታሪክ ለልጆቹ ስተርክ ግን ድምፄ ይለወጥብኛል። ጠባቂው እንኳ ዕድለኛ ነበር፤ ልጁን ተመልሶ እንዲጠራው የሚያዝዝ ካህን በአጠገቡ ነበረለት። የእኔ ልጅ ቤተሰቡ በዚያው ዓመት ሰፈሩን ለቀቀ። ጎረቤቶቹን ጠየቅሁ፤ በተለያዩ ቁምስናዎች ያሉ ወዳጆቼንም አስጠየቅሁ፤ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ሌላ ሰው በሌላ ሜዳ ተቀብሎት ከሆነ፣ ያ ሰው በእኔ ድርሻ ደክሟል፤ ማን እንደሆነ ባላውቅም በየቅዳሴው አስበዋለሁ።

ዘንድሮ አሮጌው መዝገብ ስላለቀ አዲስ ገዛሁ። ወጣቷ መምህርት የዐሥራ አንዱን ልጆች ስም በንጹሕ ጽሕፈቷ ጻፈችበት። ከእነርሱ በፊት፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ የዚያን ልጅ ስም እኔ ጻፍሁት። ማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። በፊቱ ምንም ምልክት አላደረግሁም።